በከተማው አንድ ቤት ብቻ የነበረው ስም

የአያቴን ስም እዚህ አልጽፈውም። ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ቢሆን ብጽፈውም ማንንም አይጠቁምም ነበር። ይህኛው ግን እኔ እስከማውቀው ድረስ በአዲስ አበባ የነበረው እኛ ቤት ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ዓመት ሙሉ ፈልጌው ነበር። የስልክ ማውጫውን ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ የለም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡትን ተማሪዎች፣ እንግዳ ሰው ማነጋገር የሚያሳፍረኝ ልጅ ሆኜ ሳለ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አያታችን ከተወለደበት ከጎጃም የመጣች አንዲት ልጅ ስሙን ስነግራት ሳቀች። “እንዲህ ያለ ነገር ለውሻም አይወጣም” አለችኝ። ቀጥላ ግን እናቱ ስንት ልጅ ሞቶባት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አገሩን የሚያውቅ ሰው ነገሩ የሚገባው ከዚህ ነው።

የአያቴ እናት የምትወልዳቸው ልጆች አይቆዩላትም ነበር። ክርስትና ሳይነሡ፣ ስም ሳይወጣላቸው ይሞቱ ነበር። አያቴ ሲወለድ ሴቶቹ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው ከቤቱ ጀርባ አመድ የሚደፋበት ቦታ ላይ አኖሩት። አንዲት ጎረቤት እንደ አላፊ መንገደኛ ሆና አነሣችውና “የማንም ያልሆነ ልጅ አገኘሁ” ብላ ለገዛ እናቱ አምጥታ ሰጠቻት። ስሙንም ከቤት ተጠርጎ በሚጣል ነገር ጠሩት። ሞት የሚመኘው ሰው የሚሳሳለትን ልጅ ነው፤ የተጣለ ነገር ለማንሣት ጎንበስ አይልም ብለው ነው። እንዲህ ያለ ስም የወጣላቸው ብዙዎቹ ካደጉ በኋላ ይለውጡታል። አያቴ አልለወጠውም። በዚያው ስም አገባ፣ በዚያው ስም ሸመገለ። ከልጆቹ የተረፈው አባቴ ብቻ ስለነበር ስሙም ከአባቴ ጋር ኮልፌ ገባ።

ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ዓመት አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ፌርማታው አካባቢ የተጣለ ሬሳ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሰዉ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ከእኛ አጥር ሥር የወደቀ ልጅ አየሁ። አንድ ጫማው የለም። ካልሲው ተረከዙ ላይ በጥንቃቄ ተጥፏል፤ የእናት እጅ እንደሆነ ያስታውቃል። ደሙ ወደ ቦዩ ወርዶ ውሻ ይልሰው ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ የባዮሎጂ ፈተና ተፈተንኩ፤ ደኅና ውጤትም አመጣሁ።

ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ የቴክኒክ ተማሪና የኅቡዕ ድርጅት አባል ነበር። አባል መሆኑን የማውቀው ከቤቱ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። እነሱ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በሽፋን ስም ነው፤ ቤትም፣ የአባት ስምም አይነጋገሩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ሥር ልብስ ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና የሽፋን ስሙን እንድገምት ጠየቀኝ። ዝም ስለው የአያታችንን ስም ነገረኝ። በጣም ደስ ብሎት ነበር። ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የሚጻፈው የራሱና የአባባ ስም ብቻ ነው፤ ይህን ስም በከተማው የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንም ቢጠየቅ ከማንም ጋር አያገናኘውም። ሌሎቹ ጓደኞቹ የያዙት ግን በየመንደሩ የሞላ ስም ነው ብሎ አሾፈባቸው።

“የእነሱ ስም ሲፈለግ አሥር ሰው ይገኛል” አልኩት። “የአንተ ሲፈለግ ማን ይገኛል?”

“አንቺ ደግሞ፣ ሲያወሩሽ ዝም፤ አፍሽን ስትከፍቺ ሟርት” አለና የሳሙና ውሃ ረጭቶብኝ ሄደ።

አሰሳው ሲበረታ ወጣት ሁሉ ይታፈስ ስለነበር እማዬ አስኮ ወደምትኖረው እህቷ ላከችው። የሽፋን ስሙን የሚያውቅ አንድ ጓደኛው ሌላ ቀበሌ ተይዞ ነበር። ውስጥ እግሩን ሲገርፉት የቻለውን ያህል ዝም ብሎ፣ ሥጋው ሲያልቅ ስሙን አወጣ። ከስሙ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ኮልፌ የሚኖር መሆኑን ብቻ ሰምቷል። እናም ስሙ ከዚያ ቀበሌ ወደ እኛ ቀበሌ መጣ። ያለ መልክ፣ ያለ ዕድሜ፣ ያለ ቤት ቁጥር።

አብዮት ጠባቂዎቹ የእድራችንን ጡሩምባ ነፊ ጠሩት። ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞረ “አቶ እገሌ፣ የአቶ እገሌ ልጅ” ብሎ የሚለፍፈው እሱ ነው። ጎረቤት የሰውን የራሱን ስም ብቻ ሲያውቅ፣ የእያንዳንዱን አባወራ ስም ከነአባቱ የሚያውቅ እሱ ነበር፤ የማያውቀውን አይቀብርምና። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁት። የለም አላቸው። የጠመንጃ ሰደፍ አፉ ላይ አሳረፉበት፤ የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ደግመው ሲያነሡበት፣ በዚህ ሁሉ ሰፈር የዚያ ስም ልጅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አናጢው ነው አለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። አባቴ ግቢው ውስጥ የወንበር እግር ይልግ ነበር። እማዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። የቆርቆሮውን በር በእግራቸው ገንጥለው ገቡ፤ ጡሩምባ ነፊውን ከኋላ እየጎተቱ ነበር። መሪያቸው ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር ያደገ ልጅ ነው። በመስከረም አባቴን “ጋሼ” እያለ አልጋ አሠርቶት ነበር። ሽማግሌውን ጡሩምባ ነፊ በጉልበቱ አንበረከከውና አባቴን እያሳየ ይህ ሰው መሆኑን ጠየቀው። ሽማግሌው ማናችንንም አላየም። መሬት መሬቱን እያየ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ከአፉ ደም ያዘለ ለሃጭ ደረቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

መሪው የአያቴን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። “ማነው?” አለ።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ከዓይኗ እሷም የወንድሜን ነገር እንደምታውቅ ገባኝ። አባቴ ደግሞ መላጊያውን በዝግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እሱም ያውቅ ነበር።

“እኔ ነኝ” አለ።

“ያንተ ስም ሌላ አይደል እንዴ?”

“ያ ሰፈር የሚጠራኝ ነው። ይህ የአባቴ ነው። ከእኔ በቀር የቀረው ልጅ የለም። የምትፈልጉት ይህን ስም ከሆነ ሌላ ቤት አትድከሙ።”

“ወንድ ልጅ አለህ አይደል?”

“ልጄ የሚጠራው በእኔ ስም ነው፤ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። አገር ቤት ከሄደም ቆይቷል።”

ከመጨረሻዋ ቃል በቀር የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። መሪው ሳቀ። “ጋሼ አናርኪስት” አለ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ አንደኛው ከጎን መጥቶ ሰደፉን ጆሮው ሥር አሳረፈበት። አባቴ የላገው እንጨት ፍቅፋቂ ላይ በፊቱ ተደፋ። ወርደውበት ረገጡት። ሊነሣ በእጁ ሲደገፍ እጁን ረገጡት፤ ጣቱ ሲሰበር ሰማሁ። እማዬ ላዩ ላይ ወደቀች፤ ሆዷን በጫማ መትተው ገለበጧት። እኔ ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም። ከመካከላቸው አንዱ “ምን ታያለሽ?” ብሎ በጥፊ ሲመታኝ ጆሮዬ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት ያለ ድምፅ ነው። ፍራሻችንን በሳንጃ ቀደዱት። አባቴን አንሥተው፣ ለአልጋ መወጠሪያ ባዘጋጀው የራሱ ጠፍር እጁን የኋሊት አሥረው ወሰዱት። የእንጨት ፍቅፋቂ ፊቱ ላይ ካለው ደም ጋር ተጣብቆ ነበር።

በማግስቱ እማዬ ወደ አስኮ ላከችኝ። እሷ መራመድ አልቻለችም፤ ሽንቷ ደም ነበር። በልጅነቴ ከአክስቴ ቤት ዕቃ እንኳ ለመጠየቅ የማፍር ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን ሳላንኳኳ ገባሁ። ወንድሜ ነገሩን ቆሞ ሰማ። ነግሬው ሳልጨርስ ጫማውን ፈልጎ ማሠር ጀመረ። ገመዱ ግን አልገባለትም። ስሙ የእኔ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፣ ይለቁታል አለ። አክስቴ ሄዳ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ወፍራም ሴት ነበረች፤ በሩን ሞላችው።

“ዞር በይ አክስቴ” አላት።

“ረግጠኸኝ እለፍ” አለችው።

ወደ እኔ ዞረ። እንድረዳው ነው መሰለኝ። እኔም በመንገድ ሳስበው የመጣሁትን ነገርኩት። “አባባ እኔ ነኝ ብሏል። አንተ ሄደህ እኔ ነኝ ብትል እሱን አይለቁትም። ዋሽተሃል ብለው ይገድሉታል፤ አንተንም ይገድሉሃል። እማዬም ‘አይምጣ’ ብላለች።”

ጫማውን አልፈታም፣ አልተነሣምም። ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ያጋጨው ጀመር፤ አክስቴ ትራስ አምጥታ በግንባሩና በግድግዳው መካከል ያዘችለት።

ከዚያ በኋላ ቀኖቻችን ምሳ ወደ ቀበሌ በማድረስ አለፉ። በር ላይ ጠባቂው ሳህኑን ይቀበላል፤ እንጀራውን በጣቱ ይበረብራል፤ አንዳንዴ ወጡን ይበላዋል። የሚታጠብ ልብስ ደግሞ ተጠቅልሎ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሸሚዝ ከጀርባው በኩል ደርቆ እንደ ቆዳ ይቆም ነበር። እማዬ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ደም በሙቅ ውሃ እንደማይለቅ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ውሃው ሲያረጥበው ከሸሚዙ የተላቀቀው ነገር ግን ደም ብቻ አልነበረም። እማዬ በጣቷ እየለቀመች መሐረብ ውስጥ አኖረችው። ምን እንደምታደርገው አልጠየቅኳትም።

ጡሩምባ ነፊውን ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል አሥረውት ቆይተው ለቀቁት። የተለቀቀ ቀን ቀጥታ እኛ ቤት መጣ። እማዬ እግሩን አጠበችው፤ የፊት ጥርስ ስላልነበረው ገንፎ አበላችው። ሁለቱም ስለዚያች ቅዳሜ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። አባቴን እንጨት ላይ ገልብጠው ወፌ ላላ እየሰቀሉ እንደሚገርፉት ነገራት። ለሚጠይቁት ሁሉ አዎ ይላል። ገድለሃል ሲሉት አዎ፣ ወረቀት በትነሃል ሲሉት አዎ። ማንበብ እንደማይችል አልነገራቸውም። የተቸገረው ጓዶችህን ቁጠር ሲሉት ነው። የማንንም ሰው ስም ቢጠራ ያ ሰው እንደሚያዝ ያውቃል፤ የተለመደ ስም ቢፈጥር ደግሞ ስንቱ ቤት ይሰበራል። ስለዚህ ሁሉም ሞተዋል ይላቸዋል። ማን ማን ይባሉ ነበር ሲሉት ስም ሳይወጣላቸው ነው የሞቱት ይላል። ገራፊዎቹ እንደሚያላግጥባቸው ቆጥረው ይጨምሩለታል። ጡሩምባ ነፊውም ሰውዬው አእምሮውን የሳተ መስሎት ነበር። እማዬና እኔ ግን እነማንን እየቆጠረ እንደሆነ አውቀናል፤ ከአያቴ በፊት የሞቱትን ሕፃናት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ምሳ ይዤ ስሄድ ጠባቂው ሳህኑን አልተቀበለኝም። “መልሺው፤ ጠግቧል” አለኝ።

ሳህኑን እንደያዝኩ ወደ ፌርማታው ሄድኩ። እማዬ ማን እንደነገራት አላውቅም፣ ቀድማኝ ደርሳለች። አምስት ሆነው መንገዱ ዳር ተጋድመው ነበር፤ አባቴ ጫፍ ላይ ነው። በመልኩ አላወቅኩትም። እግሮቹ አብጠው ጥቁር ሆነዋል፤ ጣቶቹ አልነበሩም ማለት ይቀላል። ጥይቱ በአንድ ዓይኑ ገብቷል። ደረቱ ላይ በካርቶን ትልቅ ጽሑፍ አሥረውበታል። ጠባቂዎቹ ዙሪያውን ቆመው የሚያለቅስ ሰው ካለ ይጠብቁ ነበር። አንዲት ሴት ከሬሶቹ አንዱን አይታ እጇን ወደ ራሷ ስታነሣ አንደኛው በዱላ አንገቷን አላት፤ ተንበረከከች።

እማዬ ማንበብ አትችልም። አጠገቤ ቆማ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ “ምን ይላል?” አለችኝ።

“ስሙን ነው።”

“የማንን?”

የአያቴን ስም አነበብኩላት። አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል የሚለውንም አነበብኩላት።

ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨምራ ለጥቂት ጊዜ ነከሰችው። ከዚያ “እንግዲህ አግኝተውታል” አለች። “ከዚህ በኋላ አይፈልጉትም።” ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ዞረች። ሳህኑን ከእጄ የወሰደችው ግቢ ስንደርስ ነው።

እውነትም መፈለጋቸውን ተዉ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ መሪው የአያቴን ስም ጠርቶ፣ እገሌ የተባለው አናርኪስት ተደምስሷል ብሎ ሕዝቡን አስጨበጨበ። እማዬና እኔም አጨበጨብን። ሬሳውን የት እንደጣሉት አልተነገረንም፤ ለቅሶም ተከለከለ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ጨው ልበደር ብለው እየመጡ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጠው ይሄዱ ነበር። ነገሩ እውነት እንዲመስል እማዬ ለእያንዳንዷ በሲኒ ጨው ሰፍራ ትሰጥ ነበር፤ በሳምንቱ ቤታችን ጨው አልነበረም።

ወንድሜ ግን አሁንም ከአስኮ መውጣት አልቻለም። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። አክስቴ ከገጠር የመጣ የእህቴ ልጅ ነው፣ ተመልሶ ወደ አምቦ ይሄዳል ብላ ወደ እሷ ቀበሌ ወሰደችው፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይል ስም ጠየቀ፤ ወንድሜ የራሱን ነገረው። የአባት ሲለው የአባታችንን ነገረው፤ ያ በየቤቱ ያለ ስም ስለሆነ ምንም አልሆነም። “የአያት?” አለ ጸሐፊው።

ወንድሜ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ያ ስም በየቀበሌው የታወጀ ነው። ከጸሐፊው ጀርባ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋደመ ጠባቂ ተቀምጦ ነበር። ጠባቂው ቀና አለ። “አያትህን አታውቅም እንዴ?”

“ተብታባ ቢጤ ነው፤ ሲደነግጥ ይያዛል” አልኩ። የራሴ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ከዚያም የእናታችንን አባት ስም፣ ጸሐፊው እስኪጽፈው ድረስ ሁለት ጊዜ ጠራሁለት። ጠባቂው ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየው። “እህቱ ትናገርለታለች፤ እሱ ዝም ይልላታል” አለ፤ ጸሐፊውም ሳቀና ማኅተሙን መታ።

ወንድሜ በዚያ ስም ሄደ። በዚያ ስም ሥራ ያዘ፣ መታወቂያ አወጣ፣ አገባ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሬጅስትራሩ የአያት ስም ሲጠይቀኝ እውነተኛውን ጻፍኩ። ቅጹን የተቀበለኝ ልጅ ግን ስሙን ሰምቶ አያውቅም፤ ፈገግ ብሎ ብቻ መዘገበኝ። እማዬ ስነግራት አልተቆጣችም፣ አላመሰገነችኝምም።

ወንድሜ ኮልፌ የተመለሰው የበኩር ልጁ ለትምህርት ከደረሰች በኋላ፣ ደርግ ገና ሥልጣን ላይ እያለ ነው። ልጅቷ ደፋር ናት፤ በማን እንደወጣች አላውቅም። ምሳ ከበላን በኋላ፣ አባቷ ያስተማራትን ሰባት ቤት ልቁጠርልሽ ብላ ፊቴ ቆመች። የራሷን ጠራች፣ የወንድሜን ጠራች፣ የአባቴን ጠራች። ቀጥላ የእናታችንን አባት ስም ጠርታ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን በአንድ ትንፋሽ አወረደቻቸው። እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። ወንድሜ ማንኪያውን እንደያዘ ያየኝ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት፣ ከዓመታት በፊት ከጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ሳለ ያየሁበትን ፊት ነው። መስኮታችን ክፍት ነበር፤ ጎረቤቱም አዲስ ሰው ነው።

“ልክ ነኝ፣ እትዬ?” አለችኝ ልጅቷ።

“ልክ ነሽ” አልኳት።